እሳት የማይጫርበት ቤት

ዲላ ውስጥ ሳይንስ ማስተማር ድፍረት ይጠይቃል። በተለይ የኃይል ምንጮች የሚለው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ መጽሐፉ አንድ ነገር ይላል፣ መስኮቱ ሌላ ያሳያል። ሰሌዳው ላይ «ታዳሽ ያልሆኑ የኃይል ምንጮች» ብዬ ጽፌ «እስቲ ምሳሌ» ስላቸው ተማሪዎቼ እጅ አያወጡም፤ ዝም ብለው በመስኮቱ ወደ ዋናው መንገድ ይጠቁማሉ። ከማደያው ጀምሮ እስከ እኛ አጥር ድረስ ባጃጅ ተሰልፏል። ገሚሱ ሹፌር ጥላ ሥር ጋደም ብሏል፤ ገሚሱ የቀረችውን ጠብታ ላለማባከን ባጃጁን በእጁ እየገፋ ሰልፉን ይከተላል። ለዲላ ልጅ ነዳጅ የሚያልቅ ነገር ነው ብሎ ማስረዳት ዝናብ ያረጥባል እንደማለት ነው።

ልጆቹ በየዓመቱ ይቀየራሉ፤ ጥያቄያቸው ግን ያው ነው። «ቲቸር፣ መብራታችን ከውሃ ነው አይደል? ውሃ ታዳሽ ነው አይደል? ታዲያ ለምንድነው የሚጠፋው?» እኔም በየዓመቱ ያንኑ እመልሳለሁ፦ ምንጩ ታዳሽ ነው፤ ምሰሶውና ትራንስፎርመሩ ግን የሰው ሥራ ነው፣ ሰው ደግሞ ለመታደስ ጊዜ ይፈልጋል። ከኮቸሬ በኩል የመጣች አንዲት ተማሪ ደግሞ አንድ ቀን አፋጠጠችኝ፦ «ቲቸር፣ እኛ ሰፈር ያለው ቡና ማጠቢያ ሞተሩ በናፍጣ ነው፣ ማድረቂያው በፀሐይ ነው። ታዲያ ቡናው ታዳሽ ነው አይደለም?» ቡናው ይታደሳል፣ ናፍጣው አይታደስም፣ አንቺ ደግሞ ፈተናውን ታልፊያለሽ አልኳት። መምህር መልስ ሲያጣ ተማሪን ማመስገን ጥሩ ዘዴ ነው።

እንጨት ላይ ስንደርስ ግን እኮራ ነበር። ጌዴኦ ውስጥ እንጨት ታዳሽ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ በራሱ ነውር ይመስለኛል። ቡናው ከዛፍ ሥር፣ እንሰቱ ከቡናው ጎን ሆኖ ነው ያደግነው፤ አንዱን የቆረጠ ሰው ሌላ ሳይተክል ቢውል ጎረቤት ያማዋል። ስለዚህ «በቆረጥነው ልክ ከተከልን እንጨት ታዳሽ ነው» ብዬ ምዕራፉን በኩራት እዘጋለሁ። ስለ ጭሱ የሚጠይቅ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም። እኔም እናቴ ከቡሌ እየሳለች እስክትወርድ ድረስ አንስቼው አላውቅም።

እናቴ ደገኛ ናት። ቡሌ ከዲላ ሽቅብ ነው፤ ከሚኒባሱ ከተወረደም በኋላ ጭቃውን በእግር መግፋት አለ፣ ጉሙ ከቤት ሲገባ አንኳኩቶ አይደለም። ከቆርቆሮ ቤቷ አጠገብ በቀርከሃ የተሠራ ማድ ቤት አላት። የማድ ቤቱ እሳት እሷ ሙሽራ ሆና ከገባችበት ጊዜ ጀምሮ ጠፍቶ አያውቅም። ማታ በአመድ ትቀብረዋለች፣ ጠዋት ቆስቁሳ ታስነሳዋለች። እሳቱ የጠፋበት ጎረቤት ሁሉ ጠዋት ጠዋት ገል ይዞ፣ ማለት የተሰበረ ሸክላ ይዞ፣ ወደ እሷ ይመጣል፤ ፍም ይዞ ይመለሳል።

በዚህ መሃል ግን ብዙ ነገር አለ። አማርኛ ተናጋሪው ቶሎ ብድግ የሚልን እንግዳ «እሳት ልትጭሪ ነው እንዴ የመጣሽው?» ብሎ ሲወቅስ ስሰማ ሁልጊዜ ይገርመኛል። እኛ ቤት እሳት ልትጭር የመጣች ሴት ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ አትነሳም። ማን እንደታመመ፣ የማን ላም እንደወለደች፣ የትኛዋ ልጅ እንደታጨች ተነጋግረው፣ ለታመመው ጸልየው፣ የታጨችውን አምተው ነው። በመጨረሻ ፍሙን ስትወስድ እናቴ «ነገም አይጥፋብሽ» ትላለች፣ ሁለቱም ነገም እንዲጠፋ እንደሚፈልጉ እያወቁ።

ሳሏ ሲብስ ዲላ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ ፂሙን ያሳደገ ለጋ ወጣት ነው። ጀርባዋን በማዳመጫው አዳመጠ፣ የደረቷን የራጅ ፎቶ ወደ መስኮቱ አንስቶ አየ፣ ከዚያ በትህትና «እናቴ፣ ሲጋራ ያጨሱ ነበር?» ብሎ ጠየቃት።

ወይ ጉድ! እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ቀርታ የማታውቅ ሴት ናት።

«ሲጋራ? እኔ? አንቺ ልጅ፣ ጌታን አታውቂም?» አለችው። አማርኛዋ በደህናውም ቀን ብዙ አይጣጣምላትም፤ ስትቆጣ ደግሞ ወንድና ሴት አይለይም። ሐኪሙ ይቅርታ ጠየቀ። እሷ ግን ጫማዋን አጥልቃ ውጭ ወጥታ ቆመች፤ ለፓስተሯ እንደምትናገርም ዛተች።

ሐኪሙ ለብቻዬ ነገረኝ። «ሳንባዋ ዕድሜውን ሙሉ ያጨሰ ሰው ሳንባ ነው። የምድጃ ጭስ ነው እንዲህ ያደረገው። አሁኑኑ ከጭስ ካልራቀች የሚመጣውን ክረምት መውጣቷን እጠራጠራለሁ» አለ።

«ከራቀችስ፣ ይታደሳል?» አልኩት። የሥራ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

«የሄደው አይመለስም። የቀረው ግን ይቆይላታል።»

በየዓመቱ በባጃጅ ሰልፍ እየቀለድኩ የማስተምረውን ትርጉም ያ ልጅ በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ነገረኝ። ፈራሁ። እናቴ ውጭ ቆማ ከቃሪያ ሻጭ ጋር ስትከራከር በመስኮቱ አየኋትና በጣም ፈራሁ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ እኔ ጋ ትቀመጥ። የእኔ ቤት የኤሌክትሪክ ምድጃ አለው፣ ጭስ የለበትም። መብራት ያለ ቀን እውነትም ጭስ የለበትም። መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ በረንዳ ላይ ከሰል እናነዳለን፣ ይህንን ለሐኪሙ አልነገርኩትም። እናቴ ለወጉ ተቀመጠችልኝ። ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍታ ደጃፍ ላይ ትቆማለች። ምን እንደምትጠብቅ ስጠይቃት «ምንም» ትለኛለች። ሰፈራችን በብረት በር የተዘጋ ነው፤ የሚያንኳኳ ካለ ወይ የቆሻሻ ሰብሳቢ ነው ወይ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ። እናቴ ሁለቱንም ቁጭ አድርጋ ቁርስ ልታበላ ሞክራ አልተሳካላትም።

አንድ ጠዋት እኔ ትምህርት ቤት ሆኜ መብራት ሄደ። እናቴ ክብሪት የት እንዳለ አታውቅም፤ ብታውቅም ክብሪት የመፈለግ ልማድ የላትም። ግቢውን ዞራ የተሰበረ የአበባ መትከያ ሸክላ አገኘች፤ ቁራጩን ይዛ የጎረቤትን የብረት በር አንኳኳች። ጎረቤቶቼ ከመሃል አገር የመጡ ነጋዴዎች ናቸው። ሴትየዋ ሱቅ አላቸው፤ ከእሳቸው የበለጠ ደግ ሰው በሰፈሩ የለም። ሸክላ ይዛ እሳት የምትጠይቅ እናት በራቸው ላይ ሲያዩ ወይዘሮዋ ደነገጡ። «እናቴ፣ ክብሪት ነው የቸገረዎት? ኧረ ምን ችግር አለ!» ብለው ሮጠው ገቡና ያልተከፈተ አዲስ ክብሪት በሁለት እጃቸው ሰጧት። አልፈው ተርፈው እስከ በሩ ሸኟት።

ከሥራ ስመለስ እናቴ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ክብሪቱ ጭኗ ላይ ነው።

«ክብሪት ሰጠችኝ» አለችኝ። በጥፊ መታችኝ ብትል ኖሮ ድምፅዋ ከዚህ አይለይም ነበር።

እኔ ገባኝ። እኛ አገር ፍም የሰጠ ሰው ነገም ነይ ማለቱ ነው። ክብሪት የሰጠ ግን ከእንግዲህ የራስሽን ጫሪ፣ እኔ ጋ አትምጪ ማለቱ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች ለዘመናት ሳይነጋገሩ ቢቀሩ «ክብሪት ተሰጣጡ» ይባልላቸዋል። ይህንን ለእኚያ ደግ ሴት እንዴት አድርጌ ላስረዳ? ማምሻውን በር ላይ አግኝተውኝ ጭራሽ እኔን ወቀሱኝ፦ «ምነው አንቺ፣ መምህር ሆነሽ እናትሽን ክብሪት ታሳጫቸዋለሽ?» አመሰግናለሁ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ።

እናቴ በሳምንቱ ወደ ቡሌ ተመለሰች። ክብሪቱን መቀነቷ ላይ ቋጥራ ይዛዋለች። «ካስቀየመሽ ለምን ትወስጂዋለሽ?» አልኳት። «የተሰጠ አይጣልም» አለች።

እንግዲህ እሷ ወደ ንጹሕ ኃይል ካልመጣች ንጹሕ ኃይል ወደ እሷ ይሂድ ብዬ ተነሳሁ። በመጀመሪያ ያሰብኩት ባዮጋዝ ነበር። ማድ ቤቷ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ዓይኔ ከጭሱ እያለቀሰ፣ እንደ ተማሪ አስረዳኋት። የላም እበት ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ከእሱ ጋዝ ይወጣል፣ ጋዙ ያለ ጭስ ይነዳል። በጥሞና ሰማችኝ።

«እበቱ ጉድጓድ ከገባ እንሰቴ ምን ይበላል?» አለች።

እኛ ቤት የከብት እበት የእንሰት ነው። በየማለዳው ተዝቆ ከግንዱ ሥር ይደረጋል፣ ከእንሰቱ ደግሞ ቆጮ ይመጣል። ይህንን የማላውቅ መሰላት። ከጉድጓዱ የሚወጣው ዝቃጭም እኮ ማዳበሪያ ነው፣ እንሰቱ ምንም አይቀርበትም አልኳት።

«ማለት እኔ መጀመሪያ አብስዬበት የተረፈውን እንሰቴ ይብላ? ትራፊ?»

ወሬው እዚያ ላይ አለቀ። ያለቻት አንዲት ላም ናት፤ እሷም ብትሆን ለሁለት ጌታ የምትበቃ አልነበረችም።

ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዤ ወጣሁ፣ መስመሩ ቀበሌዋ ድረስ ገብቷልና። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በጨለማ እንዳትቀመጥ ብዬ ትንሽ ሶላር ጨመርኩ፤ አምፖል ያበራል፣ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል። እናቴ ምድጃውን ዞር ብላ አየችውና «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» አለች።

«ወጡ ይቅርብሽ፣ ሳንባሽ ይትረፍልኝ» አልኳት። ተቆጥቼ ነበር። ስፈራ እቆጣለሁ፤ ይህንን ከእሷ ነው የወረስኩት። እሷ «ተይ» ስትል አልሰማኋትም፣ ሦስቱን ጉልቻ ነቅዬ አጥር ሥር ጣልኳቸውና እሳቱ ላይ ውሃ ቸለስኩበት። እየተንጫጫ ጠፋ። እናቴ ወጥታ እንሰቷ መሃል ገባች፤ ተመልሳ ስትመጣ «እሳት አመድ ወለደ» ብቻ አለችኝ። ተረቱ የሚነገረው ሰነፍ ልጅ ለወለደ ጎበዝ ነው። እኔ ግን ያንን ቀን ከሥራዬ ሁሉ የተሳካ ቀን አድርጌ ቆጥሬ ወደ ዲላ ወረድኩ።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም የተሳካ መስሎኝ ነበር። ጎረቤቱ እሳት መጠየቅ ቢያቆምም ለሶላሩ ሲል መጣ። በየቀኑ ቻርጅ የሚደረግ ስልክ ይመጣል። እናቴ ደስ ይላት እንደሆነ ስጠይቃት ግን ቁጣዋ ገነፈለ።

«ስልካቸውን ጥለው ይሄዳሉ! ፍም የሚጠብቅ ሰው ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቀው። እነዚህ ሰክተው ገበያ ይሄዳሉ፣ ማታ ነቅለው ይሄዳሉ። ቤቴን የስልክ በረት አደረግሽው!»

ይባስ ብሎ ስልኮቹ ይጮኻሉ። እናቴ ደግሞ የሚጣራን ሰው ዝም ማለት አይሆንላትም፤ ሁሉንም ታነሳለች። «እሱ የለም፣ ስልኩ ነው ያለው። አንተ ማን ነህ? የማን ልጅ? እናትህ ተሻላት?» እያለች የመንደሩን ሁሉ ዘመድ አወቀች። ይርጋጨፌ ያለ አንድ የቡና ነጋዴ ለሥራ ጉዳይ በደወለ ቁጥር እናቴ እንድትጸልይለት እስከመጠየቅ ደርሶ ነበር። ታዲያ ባለስልኩ ሲመጣ ባትሪው ሲሰካ ከነበረው አንሶ ይገኛል። ቀስ በቀስ ስልክ የሚያመጡትም ቀነሱ።

እኔ በየምሽቱ እደውላለሁ። «ጭስ አለ?» እላታለሁ። «የት አለ ጭስ? ራስሽ አጥፍተሽው» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ሳሏ ግን በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል፤ እንዲያውም እየከረረ ነበር። ምድጃው ንጹሕ፣ ማድ ቤቱ ባዶ፣ ደረቷ ግን እንደ ወናፍ ያፏጫል። ሐኪሙ ተሳስቶ ይሆናል አልኩ። ከዚያ እሱ ትክክል ቢሆንስ፣ ረፍዶብን ቢሆንስ አልኩ። ክረምቱ እየቀረበ ነበር። ክፍል ውስጥ አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ የማያልቅ የኃይል ምንጭ አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ያለ ምክንያት ጮህኩበት።

አንድ ቅዳሜ ሳልነግራት በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣሁ። ጉሙ ሳይገፈፍ ደረስኩ። ማድ ቤቱ ውስጥ ጭስ የሚባል የለም። የኤሌክትሪክ ምድጃው በነጭ ዳንቴል ተሸፍኗል፣ ልክ የሰው ቤት ቴሌቪዥን እንደሚሸፈነው። ዳንቴሉን ገለጥ አድርጌ አየሁት፤ አንድም የወጥ ጠብታ አልነካውም። እናቴ የለችም።

ከአጥሩ ማዶ ካለው ቤት ጭስ በክዳኑ እየበነነ ይወጣል። እዚያ የሚኖሩት የእናቴ የልብ ወዳጅ ናቸው፤ አንድ ዘመን ተድረው የመጡ፣ አብረው የወለዱ፣ አብረው ባል የቀበሩ። እናቴን እዚያ አገኘኋት። እሳቱ ጥግ፣ ጭሱ በሚወፍርበት በኩል፣ ገሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። እየሳለች ትስቃለች። ስታየኝ ሳቋን ዋጠችው።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

«እሳት ልዋስ መጥቼ ነው።»

«ለየትኛው ምድጃ?»

ገሏን በእጇ አገላበጠች። ጎረቤቷ መለሱልኝ። «ተያት ልጄ። ጠዋት ጠዋት ትመጣለች፣ ተጫውተን ስናበቃ ፍም እሰጣታለሁ፣ ይዛ ትሄዳለች። ከአጥራችሁ ጀርባ ትደፋዋለች። አመዱ ተቆልሎ አይቼዋለሁ።»

«እያወቁ ነው የሚሰጧት?»

«እሳት የጠየቀ ሰው ምን ልታደርጊበት ነው ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?» አሉኝ፤ እኔ ነውር የጠየቅኩ ያህል።

ያን ጊዜ አልቻልኩም። «እማማ፣ ጭሱ እኮ ነው እየገደላት ያለው! ሐኪሙ ሳንባዋ አልቋል ብሏል፣ ከጭስ ካልራቀች ክረምቱን አትወጣም ብሏል!» ብዬ ጮህኩ።

ሴትየዋ ወደ እናቴ ዞሩ። «ብርድ ነው ብለሽኝ አልነበር?»

«ብርድም አለበት» አለች እናቴ።

ጎረቤቷ እጃቸውን ዘርግተው ገሏን ከጭኗ ላይ አነሱት። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት እሳት የለም» አሉ። ከጀርባቸው ጉቶው ቦግ ብሎ እየነደደ ነው። «ተነሺ፣ ሂጂ።»

እናቴ በሕይወቷ እሳት ተከልክላ አታውቅም። ባዶ እጇን ወጣች። እኔ ከኋላዋ ነኝ። ከአጥሩ ጀርባ የአመዱን ቁልል አለፍነው፤ ዝናብ አጥቦት ተጋግሯል፣ ከላይ የትናንትናው ከሰል ጥቁር ሆኖ ይታያል። ቤት ስንገባ መደቡ ላይ ተቀምጣ በእርጋታ ተናገረችኝ፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ያቺ የዲላ ጎረቤትሽ ክብሪት ሰጠችኝ። ይሁን፣ አታውቀኝም። አንቺ ግን ልጄ ነሽ። አንቺ ትልቁን ክብሪት ከዲላ ድረስ ተሸክመሽ አመጣሽና ግድግዳዬ ላይ ሰካሽልኝ። ከዚያ ወዲያ ማን በሬን ያንኳኳል?»

ስንት ዓመት የኃይል ምንጭ ሳስተምር ኖሬ፣ ጠዋት እናቴን ከመኝታዋ የሚያስነሳት ምን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። እሷ ፊት ማልቀስ ስለማልወድ ወጥቼ ጉልቻዎቹ የተጣሉበት አጥር ሥር አለቀስኩ። መልሼ ልተክላቸውም አስቤ ነበር። እሷ በጭስ እየሳቀች ትሙት ወይስ በንጹሕ አየር ብቻዋን ትሙት? ይህ ጥያቄ በየትኛውም ምዕራፍ መጨረሻ ላይ የለም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ለቤተ ክርስቲያን ስንዘገጃጅ፣ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቷ ናቸው። እጃቸው ላይ የትናንትናውን ገል ይዘዋል።

«እሳት ጠፍቶብኝ ነው» አሉ።

እናቴ በእሳቸው ትከሻ ላይ አሻግራ ወደ ቤታቸው አየች። ጭሱ በክዳኑ ላይ እንደ ወትሮው ይበናል። እኔም አየሁት። እሳቸውም እንዳየነው ያውቃሉ።

«ግቢ» አለች እናቴ፤ «ብርዱ ይገባል፣ በሩን ዝጊው።»

ገቡ። እናቴ ወደ ማድ ቤቱ መርታቸው፣ ዳንቴሉን አንስታ በጥንቃቄ አጠፈችና ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ምድጃ ለኮሰችው። ደግነቱ መብራት ነበር። ውሃ ጣደች። ሁለቱም እጃቸውን ወደ ቀላው ሽቦ ዘርግተው ይሞቁ ጀመር፤ ሙቀቱን አሙት፣ ድምፁን አሙት፣ ያመጣሁትን እኔንም እዚያው ፊት ለፊቴ አሙኝ። ማን እንደታመመ፣ የማን ላም እንደወለደች ተጫወቱ። ቤተ ክርስቲያን አርፍደን ነው የሄድነው። ሲነሱ ጎረቤቷ ባዶውን ገል አነሱና «ዛሬ አልቀናኝም፤ ነገ እመለሳለሁ» አሉ።

«ነገም አይጥፋብሽ» አለች እናቴ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴትየዋ፣ ቤታቸው የሚነድ እሳት እያላቸው፣ እሳት ከሌለበት ቤት እሳት ሊዋሱ በየማለዳው ይመጣሉ። ለሌሎቹም ነግረዋቸዋል መሰለኝ፣ ገል ይዞ የሚመጣው በዛ። መብራት የጠፋ ቀን ቀዝቃዛውን ምድጃ ከበው መብራቱን ያማሉ፤ ያን ቀን ቆጮውም ጎመኑም በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ከማዶ ይመጣል። ሚኒባሱ ውስጥ አንዱ «እዚያ ቤት ያሉት አሮጊቶች አብደዋል፣ ሸክላ ይዘው ይመላለሳሉ» ሲል ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ። ሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ ምን ብዬ ላስረዳው?

ክረምቱ ከባድ ነበር። እናቴ ወጣችው። ሐኪሙ ደረቷን ዳግመኛ አዳምጦ «እንዳለ ነው» አለ፤ በእሱ ቋንቋ ይህ የምሥራች ነው። እሷም ለሲጋራው ይቅር ብላው ከቡሌ የመጣ ቆጮ ሰጠችው።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ላያት ወጣሁ። ትምህርት ገና መከፈቱ ነው፣ እንደ ልማዴ ሰዓቴን እያየሁ ነበር፤ የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ። እናቴና ጎረቤቷ ምድጃውን ከበው ተቀምጠዋል። ቦርሳዬን ሳነሳ እናቴ ቀና ብላ አየችኝ።

«መቼ ትመጫለሽ?»

«ትምህርት ሲዘጋ» አልኳት።

ጉልበቷን ይዛ ተነሳች፣ ወደ መደርደሪያው ሄደች፣ ቻርጅ ከሚደረጉት ስልኮች ጀርባ እጇን ሰደደች። ያ የዲላ ክብሪት ነው፤ እስካሁን አልተከፈተም። መጣችና በሁለት እጇ፣ ልክ እንደተሰጣት አድርጋ፣ ዘረጋችልኝ። ጎረቤቷ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው መሬት መሬቱን አዩ።

እጄን አልዘረጋሁም።

«ቅዳሜ» አልኳት።

«የቱ ቅዳሜ?»

«የፊታችን።»

ክብሪቱን ወደ መደርደሪያው መለሰችው።